ሩጫና ይሉኝታ

ጎሕ ሲቀድ ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት ሯጮችን ያያል። የመጀመሪያዎቹ ሦስትም አራትም እየሆኑ፥ ኮቴያቸው ሳይሰማ ሽው ብለው የሚያልፉት ናቸው። እነርሱን ሁሉም ያከብራቸዋል፤ የሌሊት ዘበኛውም፥ ለሥራ የወጣው ባለታክሲም «አይዟችሁ ጀግኖች!» ብሎ ያሳልፋቸዋል። ሁለተኛው ዓይነት ሯጭ ግን ብቻውን ነው። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፥ ጥቂት እንደ ሮጠ ከአንድ የመብራት ምሰሶ ሥር ያጎነብስና የጫማውን ክር ያስራል። ክሩ አልተፈታም። የተፈታው ጉልበቱ ነው፤ ነገር ግን ይህን ሰው እንዲያውቅበት አይፈልግም።

ይህን ሁለተኛውን ሯጭ አሳምሬ ዐውቀዋለሁ። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር እኔው ራሴ ነበርሁ።

የሩጫ አገር ልጆች ነን እንላለን፤ ውሸትም የለበትም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ በሮማ ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ካሸነፈ ወዲህ ይህ ክብር ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ይሁን እንጂ ነገሩን ጠጋ ብሎ ለመረመረው፥ አብዛኞቻችን ሩጫን የምናውቀው በዓይናችን ነው እንጂ በእግራችን አይደለም። መሮጥ የወርቅ አምጪዎች ሥራ፥ የእኛ ድርሻ ግን ማጨብጨብ ብቻ መስሎናል። ስለዚህም አንድ ተማሪ ወይም አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ቱታ ለብሶ ከደጅ ሲወጣ «ማን አባረረህ?» ይባላል። «በስተርጅና ኃይሌን ልትሆን ነው እንዴ?» የተባለ ጓደኛ አለኝ፤ ዕድሜው ሃያ ስድስት ነው። ጓደኛዬ በማግሥቱ ቱታውን አሳጥቦ፥ አጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ ከተተው። እስከ ዛሬም ከዚያው አልወጣም።

ነገሩ የሚያስቅ ቢመስልም ቀላል አይደለም። ወጣቱ ሠራተኛ ጧት ተሳፍሮ፥ ቀኑን ሙሉ ከወንበር ላይ ውሎ፥ ማታ ተሳፍሮ ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ውስጥ ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ፥ ወይም 75 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ሰባ አምስት ደቂቃ ማለት የ25 ደቂቃ ሶምሶማ ሦስት ጊዜ ማለት ነው። ጊዜ የለኝም የሚል ሰው እስቲ ከማኪያቶ ስኒ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያሳልፈውን ሰዓት ይቍጠር። እኔ ቈጥሬው አፍሬያለሁ።

ይሉኝታ ደግሞ ያልወጣውን ማስቀረቱ ብቻ ሳይሆን፥ የወጣውንም ያሰናክላል። ሰው እያየኝ ነው ብሎ የሚያስብ ጀማሪ ከዐቅሙ በላይ ይሮጣልና። በመጀመሪያው ሳምንት እኔም እንደ ተባረረ ሌባ ስሮጥ፥ በሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ቆሎ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት አስቆሙኝ።

«ልጄ፥ ምነው? ክፉ ነገር ሰማህ እንዴ?» አሉኝ።

«የለም እማማ፤ ለጤናዬ ነው የምሮጠው» አልኋቸው፥ ትንፋሼን እየሰበሰብሁ።

«ለጤናው የሚሮጥ ሰው ፊቱ እንዲህ ይሆናል? ኧረ ቀስ በል!»

በኋላ ስለ ሩጫ የተጻፈውን ባገላብጥ፥ ዐዋቂዎቹ ሁሉ የሚሉት እማማ ያሉትን ሆኖ አገኘሁት። ጀማሪ ሰው እየሮጠ ከጎኑ ካለ ሰው ጋር ማውራት ካልቻለ ፈጥኗል ማለት ነው። አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፥ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፤ እንደዚህ እያፈራረቁ ሃያ ደቂቃ መሙላት፤ በሳምንት ሦስት ቀን፥ በመካከሉ እያረፉ። ከዚያ እርምጃውን ጥቂት በጥቂት መቀነስ፥ ሩጫውንም ጥቂት በጥቂት መጨመር ነው። በእኛ ከተማ ደግሞ ቀስ የማለቱ ነገር ይብሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ወደ እንጦጦ ጫፍ ከወጡማ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ታላላቆቹ ሯጮች ለልምምድ የሚመርጡት ይህ ዳገት ለጀማሪ ዋዛ አይደለም። ቢሆንም የባሕር ዛፉ ሥር ያለው አፈር ከአስፋልት ይልቅ ለጉልበት ስለሚራራ፥ እየተራመዱም ቢሆን መውጣቱ ይበጃል።

አንድ ነገር ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይበረታሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ቀስ ብለው ነው የሚከተሉት። ስለዚህ ሰው የሚጎዳው ደካማ በሆነበት ሰሞን ሳይሆን ጎበዝ የሆነ በመሰለው ሰሞን ነው። በሁለተኛው ወር «እንግዲህስ ሯጭ ሆኛለሁ» ብዬ ያለ ዕረፍት አምስት ቀን ሮጥሁ፤ በስድስተኛው ቀን ቅልጥሜን አሞኝ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ሦስት ሳምንት ተቀመጥሁ።

በዚያ በተቀመጥሁበት ጊዜ ነው የማሞ ወልዴን ታሪክ ያነበብሁት። ማሞን የምናውቀው በአሸናፊነቱ ነው። መጀመሪያውን ግን ማን ያስታውሳል? ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት፥ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፥ ማሞ በ800 እና በ1,500 ሜትር ተሰልፎ ከማጣሪያው ሳያልፍ ቀርቷል። ወጣት የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። በዚያን ጊዜ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ጫማውን ሰቅሎ ቢሆን ኖሮ የሚፈርድበት አልነበረም። እርሱ ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት ታገሠ። በ1961 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፥ እንደ እኛ ከተማ አየሯ በሳሳው በሜክሲኮ፥ በ10,000 ሜትር የብር ሜዳሊያ አገኘ። ቀጥሎም በማራቶኑ አበበ ታሞ ከመንገድ ሲያቋርጥ፥ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ወርቁን ለአገሩ አመጣ። ከአራት ዓመት በኋላ በሙኒክ፥ በአርባ ዓመቱ፥ በማራቶን ሦስተኛ ወጣ። ይህን የማነሣው እኛም ስንታገሥ ወርቅ እናመጣለን ለማለት አይደለም፤ እናመጣ ዘንድ አንችልም። እንደዚህ ያለ ሰው እንኳ መሸነፉን ሕዝብ እያየው መጀመሩን ለማስታወስ ነው።

በዚህ ላይ የእኅቶቻችን ነገር አለ። እኛን ወንዶቹን የሚያግደን ይሉኝታ ብቻ ሲሆን፥ እነርሱን ልክፍቱም፥ ጨለማውም፥ የውሻውም መንጋ ያግዳቸዋል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከአጥር ግቢዋ ውስጥ ነው የምትዞረው፤ ሠላሳ ዙር። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው፥ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ የሚለቀቅበት «መንገድ ለሰው» እና በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ መልካም ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ሰው በየሰፈሩ፥ ከደጁ ወጥቶ ያለ ሥጋት የሚሮጥበት ዳርቻ ያስፈልገዋል፤ መንገድ የሚያሠሩ ሹማምንት ይህን ቢያስቡበት፥ መሥሪያ ቤቶችም በማለዳ ሮጠው ለሚመጡ ሠራተኞች አንድ የመታጠቢያ ክፍል ቢያዘጋጁ ወጪው ብዙ አይደለም።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጠንሳሽነት በኅዳር ወር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10,000 ሰው ተመዝግቦበት፥ ኃይሌ ራሱ አንደኛ ወጥቶበታል። ከዚያ ወዲህ የተሳታፊው ቍጥር ከ40,000 በላይ የሆነባቸው ዓመታት አሉ። እኔም በኅዳር 2017 ዓ.ም. ካናቴራውን ለብሼ ከዚያ ሕዝብ መካከል ቆምሁ። ዐሥሩን ኪሎ ሜትር አሸናፊዎቹ ከሠላሳ ደቂቃ በታች ይጨርሱታል። እኔ ገና አራተኛውን ኪሎ ሜትር ሳልጨርስ የእነርሱ ነገር ያለቀለት ሳይሆን አይቀርም። ግማሹ ሰው ይዘፍናል፥ ግማሹ ይጨፍራል፤ ሰው ሁሉ ሰው ሲያይ፥ ማንም ማንንም አያይም። ለአንድ ጊዜ እንኳ የጫማዬን ክር አላሰርሁም። ከሰባተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ከአንድ ዳገት ላይ ቆሜ ሳቃስት፥ ከአባቴ የሚበልጡ አንድ ሽማግሌ «አትቁም ልጄ፤ እየሄድህ ዕረፍ» ብለውኝ አለፉ። እርሳቸውን ለመድረስ ስል እስከ መጨረሻው ሮጥሁ፤ አልደረስሁባቸውም። አንድ ሰዓት ከሃያ አራት ደቂቃ ፈጀብኝ።

ከሰዓት በኋላ ሜዳሊያውን ከአንገቴ ሳላወልቅ አያት ደረስሁ። እማማ ከመታጠፊያው ላይ እንደ ወትሮው ተቀምጠዋል።

«ስንተኛ ወጣህ?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ እማማ። ከኋላዬ ግን ሰው ነበረ።»

በእጃቸው አንድ እፍኝ ቆሎ ዘግነው ሰጡኝና «ነገም ትሮጣለህ?» አሉ።

«ነገ እንኳ እግሬ አይታዘዘኝም። ማክሰኞ ነው የምወጣው» አልኋቸው።