የመኝታ ፉርጎና የደባርቅ መንገደኛ

ከደባርቅ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ጎሕ ሳይቀድ ጋቢውን ተከናንቦ መናኸሪያ ይደርሳል። የሰሜን ተራራ ውርጭ ገና አልለቀቀም። ከመንገደኞቹም መካከል ወደ ትምህርታቸው የሚመለሱ ተማሪዎችና ለሥራ ጉዳይ የተጠሩ ወጣት ሠራተኞች አይታጡም። በዳባት በኩል እስከ ጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ ደግሞ ከሰባት መቶ የሚበልጥ ይቀራል። አገር ሰላም በሆነበት ጊዜ እንኳ ብዙው መንገደኛ በመንገድ አንድ ሌሊት ያድራል፤ የአልጋ ኪራይ ይከፍላል፤ በማግሥቱም እንደገና ሳይነጋ ይነሣል።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ባቡር የመኝታ ፉርጎ ስንጽፍ ስለ ቅንጦት የጻፍን የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ አንድ ጊዜ ከዚህ መንገደኛ ጎን እንዲቀመጥ እንለምነዋለን።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ/ም ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መነሻነት የተሠራው ምድር ባቡር በ1895 ዓ/ም ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ/ም አዲስ አበባ ደረሰ። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበርና መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይገባ ነበር። የደባርቅ ሰው በአውቶቡስ የሚያደርገውም ይህንኑ የመሰለ ጉዞ ነው። በመስከረም 2009 ዓ/ም የተመረቀውና በ2010 ዓ/ም መደበኛ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን መቀመጫ ያላቸውን ብቻ ሳይሆን አልጋ ያላቸውንም ፉርጎዎች ይዞ መጥቷል። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለው ሐዲድ 750 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን ስናስብ፣ ርቀቱ ከጎንደር መንገድ ጋር የሚቀራረብ ነው።

እነዚህ ፉርጎዎች በሎኮሞቲቭ የሚሳቡ መሆናቸው ትልቅ ጥቅም አለው። በጣልያን ዘመን የመጣችው ሊቶሪና ሞተሯን በሆዷ ይዛ ትሄድ ስለ ነበር፣ ሞተሩ ሲታመም መንገደኛውም አብሮ ይቆማል። የሚሳበው ፉርጎ ግን የራሱ ሞተር ስለሌለው ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ ለሚተኛ ሰው ይስማማል። ሎኮሞቲቩ ቢበላሽ በሌላ ይተካል። ለጥምቀትና ለፋሲካ መንገደኛ ሲበዛ ፉርጎ ይቀጠላል፤ ሲያንስ ይቀነሳል። በ2016 ዓ/ም ኦስትሪያ አዳዲስ የመኝታ ፉርጎዎችን በቪየናና በሀምቡርግ መካከል አሰማርታለች፤ ታንዛኒያም በዚያው ዓመት ከዳሬሰላም እስከ ዶዶማ በኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ የሚሳቡ ፉርጎዎችን ሥራ አስጀምራለች።

ወደ ሰሜን እንመለስ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ግንባታው በ2007 ዓ/ም ተጀመረ፤ በ2014 ዓ/ም ጦርነቱ ያን አገር ሲያዳርስ ሥራው ጉዳት ደረሰበት። በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ደግሞ ከወልድያ ወደ ወረታ፣ ከዚያም በአዘዞ በኩል እስከ መተማ የሚደርስ መሥመር ተነድፏል። ደባርቅ በዚህ መሥመር ላይ አይደለችም። ባቡር በአንድ ሺህ ሜትር ጉዞ ከ20 እስከ 25 ሜትር የሚበልጥ ዳገት ሲገጥመው ይከብደዋል፤ ሊማሊሞን አይቶ ሐዲድ የሚመኝ መሐንዲስ አይገኝም። ስለዚህ ለዳባትና ለደባርቅ ሕዝብ ለገሐሩ አዘዞ ትሆናለች ማለት ነው።

አሁን ያለው ዋና ክርክር ገንዘብ ነው። የጭነት ባቡር ገቢ ያስገኛል፤ የመንገደኛ ፉርጎ ግን ወጪውን በቀላሉ አይመልስም የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ሐዲዱና የኤሌክትሪክ ሽቦው ለጭነቱ ሲባል አንድ ጊዜ ከተዘረጉ፣ መንገደኛውን ጨምሮ ማጓጓዝ የሚጠይቀው ከመጀመሪያው ወጪ ጋር የሚወዳደር አይደለም። መንግሥት ትምህርት ቤትን በትርፍ እንደማይመዝነው ሁሉ፣ ይህንንም ለብቻው በትርፍ ሊመዝነው አይገባም እንላለን።

በእኛ አስተያየት ሦስት ነገሮች ከወዲሁ ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ ጣቢያው ለከተማው ቅርብ ይሁን፤ የቀድሞው ለገሐር በአዲስ አበባ እምብርት ሲገኝ የፉሪ ለቡ ጣቢያ ከከተማው ዳር በመውደቁ መንገደኛው ሌላ ጉዞ ተጨምሮበታል። ሁለተኛ፣ የሚገዙት ፉርጎዎች በምሥራቁ መሥመር ካሉት ጋር አንድ ዓይነት ቢሆኑ መለዋወጫውና የጥገና ዕውቀቱ ለሁሉም ያገለግላል። ሦስተኛ፣ ከደባርቅ የሚነሣው አውቶቡስ ሰዓቱ ከባቡሩ ጋር ይስማማ፤ ቲኬቱም አንድ ይሁን። ማታ አዘዞ የተሳፈረ ተማሪ ተኝቶ አድሮ ወደ ትምህርቱ በንቁ ዓይን እንዲገባ የሚያደርገው ይህ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ሐዲዱ ወደ ሰሜን በደረሰ ጊዜ የግዢውን ወረቀት የሚፈርሙት፣ የጣቢያውን ቦታ የሚመርጡትና የጉዞውን ሰዓት የሚያወጡት ዛሬ በትምህርት ላይ ያላችሁና ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች ናችሁ። ያን ዕለት ብዕራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት፣ በደባርቅ መናኸሪያ ጋቢ ተከናንቦ የቆመውን መንገደኛ እንድታስታውሱት አደራ እንላለን።