ቀስ ብሎ መርገጥ

«እናታችን፣ አርፈው ይቀመጡ» ማለት ፍቅር ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ የተቀመጠ እግር ይደክማል፤ የደከመ እግር ደግሞ በደብረ ኤልያስ የክረምት ጭቃ ላይ አይጸናም። በእርጅና ዳሌ ከተሰበረ እንደ ቀድሞው መራመድ የሚያቅታቸው ብዙ ናቸው።

ታይ ቺ የሚባለው የቻይናውያን ዝግ ያለ እንቅስቃሴ ለዚህ ይረዳል። ክብደትን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ማሸጋገርን ስለሚያለማምድ የአረጋውያንን መውደቅ እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል።

ጀማሪ በዚህ ይጀምር፦ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ከግድግዳ አጠገብ ቁሙ። እግራችሁን በትከሻችሁ ስፋት ክፈቱ፤ ጉልበታችሁን ጥቂት አጠፍ አድርጉ። ክብደታችሁን በዝግታ ግራ እግር ላይ አሳርፉ። ቀኙ ሲቀል ተረከዙን ብቻ አንሱ፤ መልሱና በሌላው በኩል ድገሙት። ትንፋሻችሁን አትያዙ። ለመጀመሪያ ጊዜ 5 ደቂቃ ይበቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች ሚዛንንና ጉልበትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀንና ከዚያ በላይ ይመክራል። ስትነሱ የሚያዞራችሁ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ግን አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ።

ልጆችም እናትና አባታችሁን «ይቀመጡ» ከማለት፣ ሲለማመዱ አጠገባቸው ቁሙ።