ስለ ግብርና ፖሊሲ መርማሪ ሥራና ለአይሻ አገር ስለሚሰጠው ጥቅም

አገር የሚተዳደረው አገሩን በማወቅ ነው፤ የማወቂያውም መንገድ እንደየአገሩ ልዩ ልዩ ነው። በደጋ የተሾመ ሰው የዓመቱን መልካምነት ወይም ክፋት በዓይኑ አይቶ ሊፈርድ ይችላል፤ ማሳው በመንገዱ ግራና ቀኝ፥ አውድማውም በመንደሩ ደጃፍ ነውና። በአይሻ የተሾመ ሰው ግን እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። የኢሳ ሕዝብ ሀብቱ ግመልና ፍየል፥ በግና ላም ነው፤ ይህም ሀብት ዲራና ካራን የሚባሉትን የዝናብ ወራት እየተከተለ ከስፍራ ወደ ስፍራ ይሄዳል። ስለዚህ በቢሮው የተቀመጠ ሹም የችግሩን ወሬ የሚሰማው ከብቱ ካለቀ በኋላ ሊሆን ይችላል። ይህን ጉድለት ሊሞላ የሚችል አንድ ሙያ አለ፤ እርሱም በዩኒቨርሲቲ ሆኖ የግብርናን ፖሊሲ የሚመረምር ሰው ሙያ ነው። አስተዳዳሪዎች ይህን ሰው እንደ እንግዳ ወይም እንደ ከሳሽ ማየታቸውን ትተው፥ እንደ አገሩ ሚዛን ያዥ አድርገው ሊቀበሉት እንደሚገባ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንወዳለን።

የዚህ ሰው ሥራ ምን እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ በትክክል አይታወቅም። ዘር የሚያሻሽል ወይም የከብት በሽታ የሚያክም ባለሙያ አይደለም። መንግሥት ያወጣው መመሪያ፥ የተጣለው ቀረጥ፥ የተሠራው መንገድ፥ የተከፈለው ርዳታ በባላገሩ ኑሮ ላይ ያመጣውን ለውጥ በቍጥር መዝኖ፥ ምክንያቱን ፈልጎ፥ ምን ቢደረግ እንደሚሻል የሚያስረዳ ነው። በመጀመሪያ ረዳት ሆኖ ይገባል፤ ትምህርቱን ሲጨምር ሌክቸረርና ረዳት ፕሮፌሰር፥ ከዚያም ተባባሪ ፕሮፌሰርና ፕሮፌሰር ይሆናል። በምሥራቅ አገራችን ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ሰዎች የሚወጡባቸው ቤቶች አሉ። በ1944 ዓ.ም. ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት የተወጠነውና በጥር ወር 1950 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መርቀው የከፈቱት የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ፥ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲም በ1999 ዓ.ም. ሥራውን ጀምሯል።

የዚህ ምርመራ ጥቅም ምን እንደ ሆነ ከዚሁ ከኢሳ አገር የተገኘ ማስረጃ አለ። በ1966 ዓ.ም. በሐረርጌ ድርቅ በሆነ ጊዜ ሲመን፥ ሆልትና ሪቨርስ የተባሉ የውጭ አገር አጥኚዎች ለርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ጠቅላይ ግዛቱን መረመሩ፤ ከመረመሯቸውም ስፍራዎች አንዱ የኢሳ በረሃ ነበር። የህንድ ተወላጅ የሆኑት የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ስለ ድህነትና ስለ ረሃብ ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ይህንኑ ጥናት ይዘው አንድ ትልቅ ነገር አስረዱ። ነገሩም እንዲህ ነው። አርብቶ አደር በደኅና ጊዜ ከብቱን ሸጦ እህል ይገዛል፤ በአንድ ፍየል ዋጋ የሚገኘው እህል ከፍየሏ ሥጋ ይልቅ ቤተ ሰቡን ብዙ ቀን ይመግባልና። ድርቅ ሲመጣ ከብቱ ይሞታል፤ የተረፈውም ይከሳል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ለመሸጥ ስለሚወጣ የከብቱ ዋጋ ይወድቃል፤ የእህሉ ዋጋ ግን አብሮ አይወድቅም። ስለዚህ ባለ ከብቱ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ አንድ ጊዜ በከብቱ ሞት፥ ሁለተኛ ጊዜ በተረፈው ከብት ዋጋ መርከስ።

ይህ ለሊቃውንት ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ለወረዳ ሹም የዕለት ሥራ የሚሆን ነው። የሞተውን ከብት ብቻ የቈጠረ ሹም የጉዳቱን እኩሌታ ብቻ ቈጠረ። ከዚህም በላይ ችግሩ ያለ ድርቅ ሊመጣ ይችላል። በ1993 ዓ.ም. መግቢያ ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደውን እንስሳ በከለከለች ጊዜ፥ ሣር ቢኖርም ገበያ ጠፋ። ፊቷ ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ የሆነው አይሻ ከባሕር ማዶ የሚወጣ ዐዋጅ እንዲህ ይነካታል፤ ይህንንም ሰማይን በማየት ማወቅ አይቻልም።

እንግዲህ ሥራው ፍሬ የሚሰጠው ሰውየው ባንድ ጉዳይ ላይ ብዙ ዓመት ሲጸና ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ የኖሩትና በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም፥ የሃያ ዓመት የረሃብ ወሬ በየአውራጃው ሰብስበው፥ የረሃብ ምክንያት የዝናብ መጥፋት ብቻ እንዳይደለ፥ ባላገሩ ጥሪት እንዳይዝና አቅም እንዳይኖረው ያደረገው ሥርዓት ጭምር መሆኑን በመጽሐፋቸው አሳይተዋል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የልማት ምርምር ተቋም የሠሩት አቶ ደሳለኝ ራሕመቶም የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በገጠር ያመጣውን ለውጥ መረመሩ፤ ደግሞ የወሎ ገበሬ ረሃብን በምን ዘዴ እንደሚቋቋም ከራሱ ከገበሬው ተምረው ጻፉ። ሁለቱም ሥራቸውን ያገኙት ባላገሩን በመጠየቅና መዝገብን በመበርበር፥ በብዙ ዓመት ድካም ነው። ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ።

አንዳንድ ሹማምንት ግን መርማሪውን ይፈሩታል። «በወረዳህ ችግር አለ» ብሎ ቢጽፍ ሥራቸውን የነቀፈ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህም ቍጥሩን እንዲያለዝብ ይጠይቁታል ወይም መዝገብ ይከለክሉታል። ይህ ለሹሙም አይበጅም። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ተደብቆ ሳለ፥ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሄዱ መምህራን ያዩትን በፎቶግራፍ አምጥተው አሳዩ። ወሬው ከተገለጠ በኋላ የደበቁት ሹማምንት በመርማሪ ኮሚሽን ፊት ተጠየቁ፤ መንግሥቱም በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ወደቀ። መምህራኑ የጻፉትን በጊዜው የሚቀበል ሹም ቢኖር ኖሮ፥ የብዙ ሰው ነፍስ በተረፈ ነበር፥ የሹማምንቱም ክብር በተጠበቀ ነበር።

በመርማሪዎቹም በኩል የሚታረም ነገር አለ። በዩኒቨርሲቲ ማዕረግ የሚሰጠው በይበልጥ በውጭ አገር መጽሔት ለሚታተም ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ብዙ ወጣት ተመራማሪ መኪና ተከራይቶ ይመጣል፥ ለጥቂት ሳምንት መጠይቅ ያስሞላል፥ ይሄዳል፤ ሕዝቡም የተናገረው ምን እንደ ሆነ ሳይሰማ ይቀራል። በ2007 ዓ.ም. የዝናቡ ወራት ጐድሎ የሲቲ ዞን ከብት ባለቀ ጊዜ፥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለዓመታት የተያዘ የገበያና የውሃ መዝገብ ነበር፤ እንዲህ ያለ መዝገብ ግን ከተማ ተቀምጦ በሚጻፍ ድርሰት አይገኝም።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ ለክቡራን አስተዳዳሪዎችና ለአገር ሽማግሌዎች እናቀርባለን። ፩ኛ፤ የዞኑና የወረዳው አስተዳደር ከሐረማያና ከጅጅጋ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተዋውሎ፥ ቋንቋውን የሚያውቅ፥ ቢቻልም የአገሩ ልጅ የሆነ ተመራማሪ በአይሻ ተመድቦ ቢያንስ ለዐሥር ዓመት እንዲሠራ ያድርግ፤ ዩኒቨርሲቲውም ይህን አገልግሎት ለማዕረግ ይቍጠርለት። ፪ኛ፤ በየሳምንቱ አንድ ፍየል ስንት ኪሎ ዱቄት ወይም ሩዝ እንደሚገዛ፥ በየቢርካውና በየጕድጓዱ ያለው ውሃም ስንት እንደ ሆነ ይመዝገብ። ይህ ወጪው እጅግ ጥቂት ነው፤ የፍየሉ ዋጋ ከእህሉ ጋር ሲነጻጸር ለተከታታይ ሳምንታት ከወደቀ ግን የከብቱን ሞት ሳይጠብቁ ርዳታውን ለመጀመር በቂ ምክንያት ነው። ፫ኛ፤ መርማሪው ከኡጋዙና ከሽማግሌዎች ጋር ይምከር። ሔር ኢሳ የተባለው የቃል ሕግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል፤ ውሃና ግጦሽ ለሁሉ እንዲዳረስ የሚያደርግ ሥርዓት ስለ ሆነ፥ እርሱን ሳያውቁ ስለዚያ አገር ፖሊሲ መጻፍ አይቻልም። ፬ኛ፤ መርማሪው ያቀረበውን ማስጠንቀቂያ አስተዳዳሪው ባይቀበለው እንኳ፥ የማይቀበልበትን ምክንያት በጽሑፍ ይመልስ፤ ቍጥሩን ግን አይንካ።

አራተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ከሁሉም ይልቅ የሚያስፈልገው እርሱ ነው። መርማሪው ሊሳሳት ይችላል፤ ስሕተቱ ግን በጽሑፍ ላይ ስላለ ይታረማል። ያልተጻፈና የተለዘበ ነገር ግን አይታረምም፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ከአይሻ በስተጀርባ ባለው ሜዳ ከብቱን ይዞ የዝናቡን ደመና የሚጠብቀው አርብቶ አደር ነው። አስተዳዳሪዎቻችንም ይህን ተረድተው፥ የሚመዝነውን ሰው በክብር ተቀብለው በአገራቸው ያስቀምጡት ዘንድ እናሳስባለን።