ዳዊትን ትቼ ወደ ሳን ማርኮ
ፍሎረንስ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው የማይክል አንጀሎን ዳዊት ለማየት ነው። አልፈርድበትም፤ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝም እብነ በረድ ችላ አይባልም። እኔ ግን ሳን ማርኮ ገዳምን አስቀድማለሁ። መነኩሴው ሠዓሊ ፍራ አንጀሊኮ እ.ኤ.አ. በ1440 ገደማ ከረዳቶቹ ጋር የመነኮሳቱን ክፍሎች ግድግዳ በሥዕል ሞልቷል፤ አንድ ጠባብ በዓት፣ አንድ ትንሽ መስኮት፣ አንድ ሥዕል። ለጎብኚ ሳይሆን ለጸሎት የተሣለ ነውና ድምፅ ዝቅ ያስደርጋል። ከዚያ ወጥቶ ላምፕሬዶቶ መብላት ነው። የላም አራተኛው ጨጓራ ተቀቅሎ፣ አረንጓዴ ስጎ ፈሶበት፣ በዳቦ ተደርጎ መንገድ ዳር ይሸጣል። ብዙ ቱሪስት ምንነቱን ሲሰማ ያፈገፍጋል፤ በዱለት ያደገ ሰው ምን ያስፈራዋል? እኔንስ የከበደኝ ጨጓራው ሳይሆን ቆሞ መብላቱ ነው።