የሁለት ፊደል ጣጣ

ባለፈው ሴሚስተር በእንግሊዝኛ በጻፍኩት ዜና «ማርሻል ሎው» ያልኩት «ማሪታል ሎው» ሆኖ ተገኘ። ወታደራዊው አዋጅ የጋብቻ ሕግ ሆነ ማለት ነው! ተማሪው በሙሉ ሳቀ፤ እኔ ግን አምስት ማርክ ሄደብኝ። ጥፋቱ «አይ» እና «ቲ» ቦታ መለዋወጣቸው ብቻ ነው። እነዚሁ ሁለት ፊደላት ሲለዋወጡ የተባበረ የሚለው «ዩናይትድ» የተፈታ፣ «አንታይድ» ይሆናል። ኮምፒውተሩ ቀይ መስመር አላሰመረም፤ ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ናቸዋ! እርማትን ለማሽን መተው ስንፍና ነው ባይ ነኝ። የኤዲቲንግ ትምህርታችንም እንዲህ ያሉትን ቃላት ከነትርጉማቸው ያስጠናን። በአማርኛስ «ፀሐይ ሠረቀች» የሚለውን በ«ሰ» ስንጽፈው ፀሐይን ሌባ እያደረግናት አይደል? እኔ አሁን ሳላስረክብ በፊት ጓደኛዬ ጮክ ብሎ ያነብልኛል።