ስሙ የታክሲ ፌርማታ የሆነው ፖስታ ቤት

«ፖስታ ቤት ወራጅ አለ!» ሳይባል የሚውል የቸርችል ጎዳና ታክሲ ያለ አይመስለኝም። ስሙን ሁላችንም እንጠራዋለን፤ ቤቱን ግን ስንቶቻችን ቀና ብለን አይተነዋል? ሰሞኑን ደጃፉ ላይ ታክሲ ይጠብቁ የነበሩ ወጣቶችን ማን እንደሠራው ጠየቅኋቸው። አንዱ «ጣሊያን» አለኝ፤ አንዷ ደግሞ «ቻይና ይሆናላ!» ብላ ሳቀች።

የነደፉት ዩጎዝላቮች ናቸው፤ ኢቫን ሽትራውስ እና ዝድራቭኮ ኮቫቼቪች የተባሉ አርክቴክቶች። የፍልውሃ መታጠቢያም የእነሱው ሥራ ነው። ሽትራውስ ኋላ ላይ በሳራዬቮ የነደፈው ሆሊዴይ ኢን ሆቴል በቦስኒያ ጦርነት ጊዜ ዓለም ሁሉ ያወቀው ሕንፃ ሆነ። ፖስታ ቤቱ የተሠራበት ጊዜ አዲስ አበባ የአፍሪካ መዲና ለመባል ወገቧን የታጠቀችበት ዘመን ነበር። ከጎዳናው አናት አርክቴክት ሜዜዲሚ የነደፈው ማዘጋጃ ቤት፣ ወረድ ሲሉ ብሔራዊ ቴአትር። ቸርችል ጎዳና እንግዳ የሚቀበሉበት ሳሎን ነበር ማለት ይቻላል።

ፖስታው ራሱ ከሕንፃው በዕድሜ እጅግ ይበልጣል። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. አቋቋሙት፤ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ታትመው መጡ፤ በ1901 ዓ.ም. አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ቤት ለቤት ደብዳቤ የሚያድል ፖስተኛ ግን አልለመድንም። የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም በማይታወቅበት ከተማ የሰው አድራሻ በፖስታ ቤቱ የተደረደሩት የብረት ሳጥኖች ነበሩ። ሳጥን የሌለው «በእገሌ በኩል» እያለ በመሥሪያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት ሳጥን ያስልክ ነበር። ከውጭ አገር የተላከ የልጅ ፎቶ፣ የነፃ ትምህርት መልስ፣ የሞት መርዶ ሳይቀር በዚያ በር አልፏል። ዛሬ ይህ ሁሉ በስልክ ይመጣልና ወደ ውስጥ የሚገባው ሰው ሳስቷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የሕንፃው ዕጣ ነው። ቅርስ ሲባል ትዝ የሚለን የእንጨት ሰገነት ያለው የድሮ ቤት ነው፤ ኮንክሪት ሲሆን «ሕንፃ ነው» ብለን እናልፋለን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ የደነገጥነው እንኳ ብዙዎቻችን ቤቶቹን ካጣናቸው በኋላ አልነበረም? ታሪኩ የማይታወቅ ሕንፃ ነገ መስታወት ቢለጠፍበት፣ ቀለሙ ቢቀየር፣ ማን ይከራከርለታል?

ከተማው ይታደስ፤ እኔም ሰፊውን የእግረኛ መንገድ ወድጄዋለሁ። ግን የነዳፊዎቹን ስምና የተሠራበትን ዓመት የያዘ ሰሌዳ በሩ ላይ መስቀል የስንት ቀን ሥራ ነው? ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የወጡ ቴምብሮችን የያዘው የፖስታ ሙዚየምም እዚያው አለ። የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ልጆቻቸውን ይዘው ቢመጡ የሚያስፈልጋቸው አንድ ከሰዓት ብቻ ነው።