እባካችሁ ንስሯን ተዉልን!

ንስሯን ታውቋታላችሁ። 40 ዓመት ሲሞላት መንቁሯ ይጎብጣል፣ ጥፍሯ ይዶለዱማል፣ ላባዋ ይከብዳታል። ታዲያ ተራራ ላይ ትወጣና መንቁሯን ከዓለት ጋር እያጋጨች ትሰብረዋለች። አምስት ወር ጾማ አዲስ መንቁር ታበቅላለች፤ ከዚያ ሌላ 30 ዓመት ትኖራለች። ጭብጨባ!

እኔ ይህችን ንስር በሦስት አዳራሾች፣ ከሦስት አነቃቂ ተናጋሪዎች አፍ ሰምቻታለሁ። ሁለቴ ከኪሴ ከፍዬ፣ አንዴ በአለቃዬ ትእዛዝ። ታሪኩ ግን ውሸት ነው። ዱር ውስጥ 70 ዓመት የሚኖር ንስር የለም። መንቁሩ የተሰበረ ንስርም አድኖ መብላት ስለማይችል አይታደስም፤ በረሃብ ይሞታል። ይህን ለማወቅ አሥር ደቂቃ ማንበብ ይበቃል። ለአንድ ሰዓት ንግግር የሚከፈለው ሰው ያችን አሥር ደቂቃ ነፍጎናል።

ቸኩላችሁ እንዳትፈርዱብኝ፤ "ወሬ በብር ይሸጣል እንዴ?" ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ጠበቃም፣ አዝማሪም፣ መምህርም በአፋቸው ነው የሚያድሩት። እንዲያውም ተናጋሪ ጠርተው በሻይና በሰርተፊኬት የሚሸኙ መሥሪያ ቤቶች በሙያው መቀጨጭ እጃቸው አለበት። ያልተከፈለው ሰው የሚዘጋጅበትን ጊዜ ከየት ያመጣል? ይከፈለው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ምን ይዞልን መጣ?

ከሦስቱ አዳራሾች ወደ አንዱ አብሮኝ የገባ ጓደኛዬ፣ ይሠራበት የነበረው ማተሚያ ቤት ተዘግቶ አራት ወር ያለ ሥራ ተቀምጧል። ተናጋሪው "ድህነት ኪስ ውስጥ ሳይሆን ጭንቅላት ውስጥ ነው" አለን። እጃችንን አስወጥቶም "እኔ ሚሊየነር ነኝ!" አስባለን። ጓደኛዬም አለ። ወጥተን የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለ፣ "ስማ፣ እኔ እኮ ሥራ የፈታሁት ወረቀት ስለተወደደ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጭንቅላቴ ነው" አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ልስቅ ስል ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። የዚያን ቀን ከሱ የተወሰደው የቲኬቱ ብር ብቻ አልነበረም።

የዚህ ስብከት አያቱ ያለው አሜሪካ ነው። ራስል ኮንዌል የሚባል ፓስተር (እ.ኤ.አ. ከ1843 እስከ 1925 የኖረ) ስለ አልማዝ መሬት የሚያወራ አንድ ንግግር ነበረው። አልማዝ ፍለጋ እርሻውን ሸጦ ተሰደደ፤ አልማዙ ግን ሸጦት በሄደው መሬት ላይ ተገኘ፤ ይኸው ነው ታሪኩ። ይህንኑ አንድ ንግግር ከ6,000 ጊዜ በላይ አድርጎታል። ፊላደልፊያ የሚገኘውን ቴምፕል ዩኒቨርሲቲን የመሠረተውም እሱ ነው። ታዲያ በዚያው ንግግሩ፣ ድሃ የሚደኸየው በራሱ ወይም በሌላ ሰው ጉድለት ነው ብሎ ተናግሯል። ጓደኛዬን የወጋው ያው እሾህ ነው።

ግን ሰውየው በአንድ ንግግር ዕድሜ ልኩን እንዴት ቆየ? ራሱ እንደተናገረው፣ ወደተጠራበት ከተማ ቀደም ብሎ ይገባል። የፖስታ ቤቱን ኃላፊ፣ ፀጉር አስተካካዩን፣ የሆቴሉን ሰው፣ ርእሰ መምህሩን ያነጋግራል። ከተማው ምን ሠርቶ እንደሚያድር፣ ምን እንዳቃተው ይሰማል። መድረክ ላይ ሲወጣ ስለዚያው ከተማ ያወራል። የኛዎቹ ስድቡን ወሰዱ፣ ፀጉር አስተካካዩን ረሱት።

ለነገሩ እኛም በንግግር ድሆች አልነበርንም። በ"በላ ልበልሃ" ዘመን ተሟጋች ሲቆም ማር ወይም ፈረስ ይወራረድ ነበር። ከተረታ ከኪሱ ይወጣል። ለቃሉ ዋጋ የሚከፍለው ተናጋሪው ነበር ማለት ነው። ዛሬ የሚከስረው አድማጩ ብቻ ነው።

ስለዚህ "በንግግር መኖር እፈልጋለሁ" የምትል ወንድሜ፣ የምትዪ እህቴ፤ መጀመሪያ ሌላ ነገር ሁኑ። ነርስ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ የከሰረ ነጋዴም ቢሆን። ከዚያ ስለምታውቁት ተናገሩ። የጠራችሁ መሥሪያ ቤት አንድ ቀን ቀድማችሁ ሂዱና ከአለቃው ጋር ሳይሆን ከጥበቃውና ከገንዘብ ያዧ ጋር ሻይ ጠጡ። መጨረሻ ላይ ግማሽ ሰዓት ለጥያቄ ተዉ፤ የማታውቁትን "አላውቅም" በሉ። ዓመት ቆይታችሁ ተመለሱና ምን እንደተለወጠ ጠይቁ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ውሎ አድሮ ማስታወቂያ አያስፈልገውም፤ የሰሙት ይጠሩታል። የንስሯ ተራኪ ግን ሁልጊዜ አዲስ አዳራሽ ሲፈልግ ይኖራል። አንዴ የሰማው አይመለስማ!

እኛ አድማጮችስ? ጭብጨባችንን እንቆጥብ። በሚቀጥለው ጊዜ ንስሯ መድረክ ላይ ስትወጣ አንዳችን እጃችንን እናውጣና በትሕትና እንጠይቅ፦ "ይቅርታ፣ አምስት ወር ሙሉ ምን በልታ ኖረች?"